አንድ ብቻ ቀረ

ፈዋዝ እሽጉን በጥርሱ ቀደደ፤
አምስት ኳስ ተጫዋች ምንጣፉ ላይ ወረደ።
አንዱን ብቻ አንሥቶ በመብራት መረመረ፥
ማዕዘኑን ቆጠረ፥
ትንፋሹን ዋጥ አርጎ ፕላስቲክ ውስጥ ቀበረ።
የቀሩት አራቱ የኔ ናቸው፤ የመጥረጊያ ድርሻ፥
ከቺፕስ ፍርፋሪ፥ ከካልሲ፥ ከቆሻሻ።

እሱን ከዚያ አገኘሁት፤
ቢጫ ጓንት ያጠለቀ፥ ጺሙ ገና ያልበቀለ
ተጠባባቂ በረኛ፤ ሌላ ሰው ሊያነሡ መጥተው
በስሕተት የተነሣ የመሰለ።
ጀርባው ነጭ ነበረ። ነጭ ወረቀት መጣል አልችልም፤ የዘር ነው፤
አባቴም ሐርቡ ወፍጮ ቤት፥ የሰው ዱቤ የሚይዘው
በሲጋራ ካርቶን ነው።

በእስክሪብቶ ጻፍሁበት፥ በደቃቁ ፊደል፤
የደላላው ዕዳ ከላይ፥ የከድጃ ደብተር ከታች፥ ቆርቆሮው ከመሀል፤
የላክሁትን በቀኝ፥ የቀረኝን በግራ፤
ዕዳው ሲጋመስም አንድ ጥጉን አጠፍሁ፥ ሌላው እስኪጣራ።
ከስልኬ ሽፋን ኋላ ሰካሁት። ሁለት የኩዌት በጋ
ዕቃ ሳጥብ ራሰ፥ ስተኩስ ሞቀ፥ ስተኛ ከጆሮዬ ተጠጋ።

አንድ ሌሊት ጃብሪያ ሙሉ በጩኸት ተናጋ።
ዋናው በረኛ ተጎድቶ ያ ልጅ ገብቶ ነበር፤
ሦስት ፍጹም ቅጣት ምት መለሰ፦ በግራ፥ በግራ፥ በእግር።

ጠዋት ፈዋዝ ቁርሱን ትቶ ስልኩ ላይ ተደፋ።
«ሉባባ፥ እዪው!» አለኝ። ቁጥር ማንበብ አያቅተኝም።
ሁለት መቶ ዲናር ነበር ብሎ ሰርዞ፥
ሰማንያ አምስት ይላል፥ የምሕረት መልክ ይዞ።
ወተቱ ሳይፈላ ዘጠና አምስት ገባ፤
ገንፍሎ ስጠርገው መቶ ሠላሳ አምስት። እመቤቲቱ ከጓዳ፦
«ወተቱ! ሉባባ!»
የኔ ወር ዘጠና ነው፥ ቢገነፍልም ባይገነፍልም።
ከሥሩ በቀይ ያለውን ልጁ አነበበልኝ፦ «አንድ ብቻ ቀረ»፤
ከጎኑ ሰዓት አለ፥ ወደ ኋላ የሚሮጥ፥ እንደ ተባረረ።
ዐሥራ ዘጠኝ ሰው እያየው ነው ይላል። ሃያኛዋ እኔ ነኝ፤
ሁሉ የሚሻማበት ልጅ ከሽርጤ ኪስ ሆኖ ጎኔን ነካኝ።

«ተወደደ» አልሁ ባማርኛ፥ ለራሴ።
ቋንቋችን እዚህ ላይ ያስቸግራል፤
ጤፍም ይወደዳል፥ ሰውም ይወደዳል፥
ባንዱ ቃል።
ይኸን ልጅ የትኛው አገኘው? አምና በመጥረጊያ የተገፋ፥
ዛሬ የተወደደ፥ ነገ አንድ ኳስ ቢያመልጠው
ካልሲ ሥር የሚደፋ?

ሌሊት ብርድ ልብሴ ውስጥ መደብሩን ከፈትሁ፤
ካርድም ማዕረግ አለው፤ ከሥዕሉ ተረዳሁ።
ዐሥር ማለት ያልተነካ ነው፥ ጣት ያላረፈበት፤
ወርዶ ወርዶ መጨረሻው የታጠፈ፥ ሰው የጻፈበት፤
እሱ ዋጋ የለውም።
ሣቅሁ፥ ብርድ ልብሱን ነክሼ።

ሐሙስ ደረሰ፥ በአባቱ ገንዘብ። ሣጥን ውስጥ ሣጥን፥ ሣጥን ውስጥ ጥጥ።
«እንዳትነኪው!» አለኝ፤ እጄን ከነአረፋው ወደ ላይ አነሣሁ፥ ቀጥ።
በሳምንቱ ገብቼ አየሁ፤ ያው ልጅ፥ ያው ሰዓት፥ ያው ቀይ ቀለም፤
«አንድ ብቻ ቀረ።»
የፈዋዝ አለ፥ የኔ አለ፤ የነሱ «አንድ» አያልቅም።

ዛሬ የኅዳርን ዐሥራ አምስት ዲናር ጻፍሁ፤ ጀርባው ሞላ።
ዕዳው ሦስት ወር ይቀረዋል።
እንግዲህ ወደ ፊቱ ማዞሬ ነው፤
ጓንቱ ላይ እጽፋለሁ፤
እሱ እንደሁ ይይዛል።